ስልኬ ይሠራል፣ ፕሌይስቴሽኑ ግን ማታ ማታ ይቆረጣል፤ የቱን ልቀይር?

ደብዳቤው ረዘም ያለ ስለነበር አሳጥሬ ነው የማስቀምጠው፦

«ሰላም ወንድሜ፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው የምኖረው፣ 15 ዓመቱ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ኦንላይን እንዲጫወት ብዬ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ገዛሁለት፣ ጀርባው ላይ ሲዩኤች 1216 ይላል። መጀመሪያ ጥሩ ነበር። ራውተራችን በአዲስ ከተቀየረ ወዲህ ግን ማታ ማታ ኔትወርኩ ይቆረጥበታል፣ ጌሙ መሃል ላይ ያስወጣዋል። የኔ ስልክ እኮ እዛው ኮንሶሉ አጠገብ ቁጭ ብዬ ቪዲዮ ያለምንም ችግር ያሳየኛል። ስለዚህ ሲሸነፍ የሚያመካኝ መስሎኝ ሁለት ሦስቴ ተቆጥቼዋለሁ። በዛ ላይ ጌም የሚጭንበት ሃርድ ዲስክ አምጥቶ ሰክቷል፣ ጆይስቲኩም አንዳንዴ ዝም ብሎ ይለቃል፣ እሱ ግን ስላረጀ ነው መሰለኝ። አሁን የኢንተርኔት ፍጥነቱን ላስጨምር? ሌላ ራውተር ልግዛ? ወይስ ኮንሶሉን ራሱን ልቀይረው? ሁሉንም አልችልም፣ አንዱን ንገረኝ።»

እህቴ፣ ከሦስቱ አንዱንም አትግዢ። ቢያንስ ይሄን አንብበሽ ሁለት ሦስት ማታ ሳትሞክሩ ገንዘብሽን እንዳታወጪ። ደግሞ ልጁ እውነቱን ነው የሚነግርሽ፣ እያመካኘ አይደለም። ደብዳቤሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ መልሱም ከሞላ ጎደል እዛው ውስጥ አለ፣ አንቺ እንደዋዛ ጣል አድርገሽ ያለፍሻቸው ሁለት ነገሮች ናቸው ዋናዎቹ፣ የስልክሽ ነገርና የጆይስቲኩ ነገር።

ከስልኩ ልጀምር። «ስልኬ እዛው ቁጭ ብሎ ይሠራል፣ ስለዚህ ዋይፋዩ ደህና ነው» የሚለው ነገር ሁሉንም ሰው ነው የሚያሳስተው፣ ምክንያቱም ስልክሽና ኮንሶሉ ከአንድ ራውተር ይውሰዱ እንጂ በአንድ መንገድ አይደለም የሚሄዱት። አሁን ያሉት ራውተሮች አብዛኞቹ በሁለት የሬድዮ ሞገድ ነው የሚሠሩት፣ አንዱ 2.4 ጊጋኸርዝ ነው፣ ሌላው 5 ጊጋኸርዝ። 2.4ቱ ግድግዳ አልፎ ራቅ ብሎ ይደርሳል ግን ጠባብ ነው፣ ሁሉም ሰው የሚጋፋበት። 5ቱ ደግሞ ሰፊና ፈጣን ነው ግን ግድግዳ ቶሎ ያደክመዋል። ስልክሽ ሁለቱንም ስለሚያውቅ ራውተሩ ቅርብ ሲሆን አንቺን ሳይጠይቅ ብዙ ጊዜ 5ቱን ይመርጣል። የወንድምሽ ኮንሶል ግን፣ ቁጥሩን ስለጻፍሽልኝ ተባረኪ፣ 1216 ማለት በ2013 የወጣው የመጀመሪያው ዓይነት ፕሌይስቴሽን 4 ቤተሰብ ነው፣ እሱ ደግሞ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለውን ጭራሽ አያየውም። በ2016 የወጡት ስሊምና ፕሮ የሚባሉት ናቸው 5ቱን የሚችሉት። ከ2013ቱ ጀምሮ ቁጥራቸው በ1 የሚጀምር በሙሉ 2.4 ብቻ ነው። ስለዚህ ልጁ በተጨናነቀው መንገድ እየሄደ አንቺ በባዶው መንገድ ላይ ሆነሽ «መንገዱ እኮ ክፍት ነው» እያልሽው ነበር ማለት ነው።

ለምን ማታ ማታ ብቻ ካልሽ፣ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ያለው ቦታ በጣም ትንሽ ስለሆነ ነው። ራውተሮች ያንን ቦታ ቻናል በሚባሉ ቁጥሮች ነው የሚካፈሉት፣ ከ1 እስከ 13 (አንዳንድ ቦታ እስከ 11) ተብለው ይቆጠራሉ ግን ቁጥሩ አያታልልሽ፣ አንዱ ቻናል 20 ሜጋኸርዝ ያህል ስፋት ሲኖረው በሁለት ተከታታይ ቁጥሮች መሃል ያለው ርቀት ግን 5 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው። ስለዚህ እርስ በርስ ይደራረባሉ፣ ሳይነካኩ ጎን ለጎን መቀመጥ የሚችሉት ሦስቱ ብቻ ናቸው፣ 1 እና 6 እና 11። ቀን ሰዉ ሥራ ላይ ነው፣ ማታ ሁሉም ቤቱ ይገባል፣ የጎረቤቱ ሁሉ ዋይፋይ አንድ ላይ ሥራ ይጀምራል፣ ከዛ ያንቺ ኮንሶል ተራ እስኪደርሰው ይጠብቃል። ቪዲዮ ቢሆን ቀድሞ ትንሽ ስለሚያጠራቅም ይሄ መጠበቅ አይታይም፣ ጌም ግን ማጠራቀም አይችልም፣ ልጁ አሁን የተጫነው አዝራር አሁኑኑ መድረስ አለበት፣ ግማሽ ሰከንድ ከዘገየ በቃ ሞቷል፣ ጭራሽ ከቀረ ደግሞ ሰርቨሩ ያስወጣዋል።

ይሄን በራስሽ ዓይን ማየት ትችያለሽ፣ እንደውም እንድታዪው ነው የምፈልገው። ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ግቢ (አድራሻው ራውተሩ ሆድ ላይ ተለጥፏል፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው)፣ እዛ ውስጥ ለሁለቱም ሞገድ አንድ ዓይነት ስም ተሰጥቶ ታገኚዋለሽ፣ አዲስ የሚገቡ ራውተሮች ላይ በብዛት እንደዛ ነው የሚመጣው። ስማርት ኮኔክት ወይም ባንድ ስቲሪንግ የሚል (ከሁለቱ ሞገዶች አንዱን ራሱ የሚመርጥላችሁ ማለት ነው) ካለ አጥፊውና ስማቸውን ለዪው፣ የ2.4ቱን ስም እንዳለ ተይው፣ የ5ቱ ላይ ብቻ መጨረሻው ላይ 5 ጨምሪበት። ማታ ልጁ ተቆረጠብኝ ሲል ስልክሽን አውጪና 2.4ቱ ላይ አስገቢው፣ ከዛ እዛው ኮንሶሉ አጠገብ ቁጭ ብለሽ ቪዲዮ ጥሪ ሞክሪ። ያኔ ነው ሁለታችሁም በአንድ መንገድ የምትሄዱት፣ ያንቺም ስልክ መንተባተብ ከጀመረ ኮንሶሉ ጥፋተኛ እንዳልሆነ ታያለሽ፤ ያንቺ ደህና ሆኖ የሱ ብቻ ከተቆረጠ ደግሞ ችግሩ ኮንሶሉ ዙሪያ ነው ማለት ነው፣ እሱም ወደ ሁለተኛው ነገር ይወስደናል።

ጆይስቲኩ። አርጅቶ ነው ብለሽ አለፍሽው፣ ሊሆንም ይችላል፣ ግን ልብ በይ፣ ጆይስቲኩ ከኮንሶሉ ጋር የሚገናኘው በብሉቱዝ ነው፣ ብሉቱዝ ደግሞ የሚሠራው እዛው 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ነው። ዋይፋዩ ሲቆረጥ ጆይስቲኩም የሚለቅ ከሆነ ሁለት የተለያዩ እቃዎች በአንድ ጊዜ ተበላሹ ከማለት አንድ ነገር ሁለቱንም እየረበሻቸው ነው ማለቱ ይቀላል። ብሉቱዝ በሰከንድ 1600 ጊዜ ያህል ከአንዱ ሞገድ ወደሌላው እየዘለለ ረብሻ የሚያመልጥ ነገር ነው፣ እሱ ራሱ ማምለጫ ካጣ ረብሻው ሰፊና ቅርብ ነው።

ያ የሚረብሽ ነገር ደግሞ ልጁ የሰካው ሃርድ ዲስክ ሊሆን ይችላል፣ እኔ እንደውም መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። ፕሌይስቴሽን 4 ጌም የሚጫንበት ኤክስተርናል ዲስክ ዩኤስቢ 3 ካልሆነ አይቀበልም፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ በሰከንድ 5 ጊጋቢት መረጃ ሲያመላልስ ከኬብሉና ከመሰኪያው የሚያፈተልክ የሬድዮ ጫጫታ አለው፣ ያ ጫጫታ የሚያርፈው ልክ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው። ኢንቴል በ2012 ይሄን ጉዳይ ለክቶ ጽፎበታል፣ አዲስ ነገር አይደለም፣ ግን እቃው ካርቶን ላይ ስለማይጻፍ ማንም አይነግርሽም።

እኔም ያወቅኩት በራሴ ላይ ደርሶ ነው። ዲስኩን ኮንሶሉ ጀርባ ላይ ደርቤ አስቀምጬው ነበር፣ ትንሿ መብራት ብልጭ ብልጭ ስትል፣ ማለትም ጌሙ አዲስ ቦታ ከዲስኩ እያወጣ ሲጭን፣ ልክ ያኔ ገጸ ባሕሪው ብቻውን ወደፊት መሮጥ ይጀምራል፣ ጣቴን ካነሳሁ በኋላም ይሮጣል፣ ከዛ ዋይፋዩ ይጠፋል። ለሳምንታት ራውተሩን ስሪስታርት ነበር የከረምኩት። አንድ ማታ መብራቷንና ጆይስቲኩን እያፈራረቅኩ ሳይ አንድ ላይ እንደሚሄዱ ገባኝ፣ ዲስኩን አንስቼ ኬብሉ እስከሚፈቅድለት ድረስ ወደ ጎን መሬት ላይ አወረድኩት፣ ያንኑ ቦታ ደግሜ ተጫወትኩ፣ ምንም አልሆነም። መልሼ ኮንሶሉ ላይ ጫንኩት፣ ሩጫው ተመለሰ። ሦስቴ ነው እንደዛ ያደረግኩት፣ ማመን አቅቶኝ።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ይሄን አድርጉ፣ ኮንሶሉን ሙሉ በሙሉ አጥፉት፣ ሬስት ሞድ (እንዲተኛ የሚያደርገው) ላይ አይደለም፣ ሙሉ በሙሉ፣ ከዛ ዲስኩን ንቀሉና ኮንሶሉ ውስጥ ባለ ጌም አንድ ማታ ሙሉ ይጫወት። ዲስኩ ላይ ያሉት ጌሞች አይጠፉም፣ መልሶ ሲሰካው ይመጣሉ፣ ይሄን ቀድመሽ ንገሪው አለበለዚያ እንዳይነካ ብሎ ይለምንሻል። ችግሩ ከጠፋ ዲስኩን መጣል አያስፈልግም፣ ጥሩ ሽፋን ያለው ትንሽ ረዘም ያለ የዩኤስቢ 3 ኬብል አድርጋችሁ ከኮንሶሉ አንድ ክንድ ያህል አርቁት፣ አይደራረብ፣ ከጀርባውም አይወሸቅ።

ዲስኩ ተነቅሎም ከተቆረጠ፣ ራውተሩን ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት (ሪስታርት ምልክቱን ሁሉ ነው የሚያጠፋው) ኮንሶሉ ራሱ እንዲናገር አድርጉት። ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ፣ ከዛ ቴስት ኢንተርኔት ኮኔክሽን የሚለውን ይጫን። ከላይ ወደታች በቅደም ተከተል ነው የሚፈትነው፣ የት ጋ እንደቆመ ማየት ነው ዋናው።

የመጀመሪያው መስመር አይፒ አድራሻ (ራውተሩ ለእያንዳንዱ እቃ የሚሰጠው ቁጥር) አገኘሁ ወይስ አላገኘሁም ነው የሚለው። እዚህ ከወደቀ ችግሩ በኮንሶሉና በራውተሩ መሃል ነው፣ ኢንተርኔት አቅራቢዎቹ ጋ ደውለሽ መጨቃጨቅ ምንም አይጠቅምሽም። ቪው ኮኔክሽን ስታተስ ውስጥ ገብታችሁ አድራሻው በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ራውተሩ ቁጥር ስላልሰጠው ኮንሶሉ ለራሱ ቁጥር ፈጥሮ ተቀምጧል ማለት ነው፣ ያኔ ራውተሩ ውስጥ ገብተሽ ለኮንሶሉ ቋሚ አድራሻ መያዝ ነው፣ አድረስ ሪዘርቬሽን ይሉታል። ሁለተኛው መስመር ኢንተርኔት ነው፣ አይፒ አግኝቶ እዚህ ከወደቀ ኮንሶሉም ዋይፋዩም ደህና ናቸው፣ ችግሩ ከራውተሩ ወደ ውጪ ነው፣ ያኔ ብቻ ነው መደወል ያለብሽ፣ ስትደውዪም በስንት ሰዓት እንደሆነ ይዘሽ ደውዪ። ሁለቱ አልፈው ፕሌይስቴሽን ኔትወርክ ሳይን ኢን ላይ ከቆመ ደግሞ ሰርቨራቸው ጋ ወይም አካውንቱ ጋ ነው፣ እናንተ ቤት ውስጥ የምትነኩት ነገር የለም፣ ይጠብቅ።

ከዛ በታች ናት ታይፕ የሚል አለ፣ ኮንሶሉ ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር በቀላሉ መገናኘት መቻሉን የሚያሳይ ቁጥር ነው። 2 ካለ ጤነኛ ነው፣ አትንኩት። 3 ካለ ግን ጌም ያስገባዋል ግን የጓደኞቹን ድምፅ አያሰማውም፣ ወይም እነሱ የከፈቱት ክፍል ውስጥ መግባት ያቅተዋል። ይሄን የማነሳው አዲሱ ራውተር ሲገባ አሮጌው እዛው ተሰክቶ ቀርቶ ከሆነ ብዬ ነው፣ በብዙ ቤት አይቼዋለሁ፣ ሁለት ራውተር አንዱ ከአንዱ ጀርባ ሆነው ሁለቱም በር ጠባቂ ነኝ ይላሉ። እንደዛ ከሆነ አሮጌውን ንቀሉት፣ ወይም ለሩቅ ክፍል የምትፈልጉት ከሆነ አክሰስ ፖይንት የሚለው ላይ አድርጉት፣ ያኔ ዋይፋይ ብቻ ያሰራጫል፣ በር ጠባቂነቱን ይተዋል። ራውተሩ አንድ ብቻ ሆኖም 3 ካለ ራውተሩ ውስጥ ዩፒኤንፒ የሚለውን (ኮንሶሉ የሚፈልገውን በር ራሱ እንዲያስከፍት የሚፈቅደውን) አብሪውና ራውተሩንም ኮንሶሉንም አጥፍተሽ አብሪ።

አሁን ወደ ራውተሩ እንመለስ፣ እዛ ውስጥ ሳለሽ 2.4ቱ ላይ ሁለት ነገር ቀይሪልኝ። ቻናሉ አውቶ ላይ ከሆነ አንስተሽ 1 ወይም 6 ወይም 11 አድርጊው፣ 3 ወይም 8 የሚባል ነገር ውስጥ አትግቢ፣ ከሁለት በኩል ነው የምትረበሺው። የትኛው ነጻ እንደሆነ ስልክ ላይ ዋይፋይ አናላይዘር የሚባሉት አፖች ያሳዩሻል፣ ግን ማታ ነው ማየት ያለብሽ፣ ቀን ብታዪው ሁሉም ነጻ ይመስላል። ሁለተኛ ቻናል ዊድዝ የሚለው 40 ከሆነ 20 አድርጊው፣ 40 ሲሆን ካለችው ጠባብ ቦታ ግማሹን ይይዝና ከብዙ ጎረቤት ጋር ይጋጫል፣ ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ የተሻለ እንዳይመስልሽ። ስትቀይሪ ሴኩሪቲው ላይ በስህተት ደብሊውፒኤ 3 ብቻ የሚለውን እንዳትመርጪ ደግሞ፣ የቆዩ እቃዎች ስለማያውቁት ትክክለኛ ፓስወርድ እያስገባችሁ አልገባም ይላችኋል፣ ደብሊውፒኤ 2 ይሁን። 5ቱን ኮንሶሉ ላይ ስትፈልጉት ካልመጣም አትደንግጡ፣ እንዳልኩሽ አይታየውም።

አንቺም ስልክሽን፣ ላፕቶፕሽን፣ ቴሌቪዥኑም የሚችል ከሆነ እሱንም ወደ 5ቱ አሻግሪያቸው፣ 2.4ቱን ለልጁ ልቀቂለት። ይሄ ምንም ወጪ የሌለው ነገር ነው ግን ብዙ ጊዜ ከሌላው ሁሉ የበለጠ የሚታይ ለውጥ ያመጣል፣ ከቤት ውስጥ ያለውን ግፊያ ስለሚቀንስ። ኮንሶሉ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ተወሽቆ ከሆነም አውጡት፣ ቴሌቪዥን ውስጡ ብረት ነው፣ ሲግናሉን ይጋርደዋል። ራውተሩም መሬት ላይ ከሆነ ከፍ ይበል።

የፍጥነቱን ነገር ጠይቀሽኝ ነበር። አታስጨምሪ። ኦንላይን ጌም ሲጫወቱ የሚያመላልሰው መረጃ በጣም ትንሽ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 1 ሜጋቢት እንኳን አይሞላም፣ የሚፈልገው ብዛት ሳይሆን ሳይዘገይና ሳይጠፋ መድረስ ነው። ፍጥነት የሚያስፈልገው ጌሙን ሲያወርድ ነው፣ ያ ደግሞ ሌሊት ተኝታችሁ ይወርዳል። እንደውም እሱ እየተጫወተ ሌላ እቃ ላይ ትልቅ ነገር እየወረደ ወይም የስልክሽ ፎቶዎች ወደ ኢንተርኔት እየተጫኑ ከሆነ መስመሩን ይዘጉበታል፣ ማታ የሚጀምረው የስልክሽ ባክአፕ እንዳይሆን እስቲ ሰዓቱን እዪልኝ።

እና የግድ አንድ ነገር መግዛት አለብኝ ካልሽ ከራውተሩ እስከ ኮንሶሉ የሚደርስ የኔትወርክ ኬብል ግዢ። የምሬን ነው የምልሽ፣ የኔ ቤት ቢሆን ከሁሉ በፊት እሱን ነበር የማደርገው። ኮንሶሉ ጀርባ ላይ የላን መሰኪያ አለ፣ ካት 5ኢ የሚባለው ተራው ኬብል ይበቃዋል፣ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለምንም ችግር ይሄዳል፣ በግድግዳው ጥግ ወይም በበሩ ሥር ማሳለፍ ነው። ኬብል ከገባ ቻናሉ፣ ጎረቤቱ፣ 2.4ቱ፣ ይሄ ሁሉ ያልኩሽ ነገር ጌሙን አይመለከተውም፣ ዋይፋይ የማይጠቀም ስለሆነ። ጆይስቲኩ ብቻ ነው ብሉቱዝ ላይ የሚቀረው፣ ለሱ ደግሞ ዲስኩን ማራቅ ነው። ራውተሩ ሌላ ክፍል ሆኖ ኬብል ማሳለፍ ፈጽሞ የማይቻል ከሆነ ጻፊልኝ፣ የክፍሎቹን አቀማመጥ በወረቀት ሳዪና ፎቶ አንስተሽ ላኪው፣ የት የት እንደሆኑ ሳላይ ሌላ እቃ ግዢ አልልሽም።

ልጁን ግን ዛሬውኑ አናግሪው። ሲጫወት ሲቆረጥበት ጓደኞቹ መሃል ጥሎ የወጣ እሱ ነው የሚመስለው፣ ቡድን ጌም ከሆነ እየተሸነፉ ጥሎን ሄደ ነው የሚሉት፣ አንዳንድ ጌም ደግሞ መሃል ላይ የወጣውን ለተወሰነ ጊዜ ያግደዋል። እዛ ተወቅሶ እዚህ አንቺም ስትቆጪው ለማን ይንገር? አላወቅኩም ነበር፣ እውነትህን ነው በዪው፣ ከዛ ፍተሻውን ለሱ ስጪው፣ በ15 ዓመቱ ከኔም ካንቺም ቶሎ ይገባዋል። ደብተር ላይ ሰዓቱን ይጻፍ፣ ዲስኩ ተሰክቷል ወይስ ተነቅሏል፣ ቴስቱ የትኛው መስመር ላይ ቆመ፣ ጆይስቲኩ ለቀቀ ወይስ አልለቀቀም። የሦስት ማታ ሲሞላ ገጹን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፣ ከዛ በመነሳት ቀጥሎ ምን እንደምታደርጉ እነግራችኋለሁ።